የባሕረ ሐሳብ ጨረቃና የሰማዩ ጨረቃ ለምን ተለያዩ?

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የ2018ን በዓላት በባሕረ ሐሳብ ስናወጣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ‹ሙሉ ጨረቃ መጋቢት 24 ነው፤ የእኛ ሒሳብ ግን መጋቢት 28 ይላል። የምዕራብ አገር ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶችም ሳምንት ቀድመውን ነው የሚያከብሩት። እንግዲህ ባሕረ ሐሳብን ሳይንስ ሽሮታል› አለ። መሪጌታ ተቆጡ፤ ‹በመንፈስ ቅዱስ የተገለጠ ሐሳብ አይሳሳትም› አሉት። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ሌሎቹ ልጆች ግን ጥያቄውን ይዘው ቀርተዋል። ማነው ትክክሉ? ሃይማኖትና ሳይንስ እዚህ ላይ ይጣላሉ ማለት ነው?»

ምላሽ፦ ልጁ ስለ ሰማዩ ጨረቃ የተናገረው ልክ ነው። መሪጌታም ያወጡት ሒሳብ ልክ ነው። የተሳሳተው ሁለቱ ሳያውቁት የተስማሙበት ነገር ነው። ሁለቱም ባሕረ ሐሳብ «ጨረቃ ዛሬ ማታ ሰማይ ላይ እንዲህ ሆና ትታያለች» የሚል ቃል ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንደኛው አራት ቀን ልዩነት ሲያይ እምነቱ የፈረሰ መሰለው፤ ሌላኛው ደግሞ እምነቱን ለመጠበቅ ልዩነቱን ካደ። ባሕረ ሐሳብ ግን አዋጅ ነው፤ ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾሙና በአንድ ቀን እንዲያከብሩ፣ ሰማይ ቢደመንም ባይደመንም፣ በቃል ተሰልቶ የሚወጣ የቀን ቀመር ነው። አዋጁ የቆመው በጨረቃና በፀሐይ ዑደት ላይ ስለሆነ ከሰማዩ ጋር ሊመሳከር ይችላል፤ ሲመሳከርም ልዩነት አለው። ልዩነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ መጠኑም ምክንያቱም የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ልጁ የነካውን ቁጥር እንየው። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ፣ ማለት ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት፣ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። ከተረፈው አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለት ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለው ቦታ፣ 12 ነው። 12 በጥንተ አበቅቴ በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለት ሠላሳ ሠላሳው ወጥቶ ቀሪው ሲያዝ፣ አበቅቴው (የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት የቀን ትርፍ) 12። 12 በጥንተ መጥቅዕ በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ፣ ማለት የአበቅቴው ማሟያ ቁጥር፣ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መምጣታቸው ማረጋገጫው ነው፤ 30 ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ (የመለከት በዓል) መስከረም 18 ይውላል፤ የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ስለሆነ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 መባጃ ሐመሩን፣ ማለት የነነዌን ቀን የሚያወጣውን ቁጥር፣ 25 ያደርጉታል። ጾመ ነነዌ ሰኞ ጥር 25። ለትንሣኤ 9 ሲጨመር 34፤ 30 ሲወጣለት ሚያዝያ 4። የአይሁድ ፍሥሕ፣ ማለት የጨረቃ ወር ዐሥራ አራተኛ ሌሊት፣ መጥቅዕ ላይ 10 ሲጨመር ስለሚገኝ መጋቢት 28 ሰኞ ላይ ይውላል። ትንሣኤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው።

ልጆች በዚህ ሒሳብ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ጥቂትና ሁልጊዜ ያው ናቸው። ከተረፈው ላይ አንዱን መቀነስ ይረሳሉ፤ ያኔ አበቅቴው በ11 ይዛባል። የቅዳሜን ተውሳክ 1 ያደርጉታል፤ ቅዳሜ 8 ነው፤ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ እስከ ዓርብ 2 ይወርዳል። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ ወደ ጥቅምት መሻገሩን ይዘነጋሉ፤ ያን ጊዜ ነነዌም በየካቲት ነው። ወንበሩ አልቦ (ዜሮ) በሚሆንበት ዓመት ደግሞ መጥቅዑን ባዶ ይሉታል፤ 30 ነው የሚባለው። ከሰማዩ ጋር ከማመሳከር በፊት እነዚህ መጥራት አለባቸው። አለበለዚያ የተማሪው ስሕተት የባሕረ ሐሳብ ስሕተት ሆኖ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ልዩነቱ። በ2018 ጨረቃ የሞላችው መጋቢት 24 ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አልፎ ነው። ቀመሩ ዐሥራ አራተኛ ያለው መጋቢት 28 ነው። ይህ የአራት ቀን ዝግመት የመጣው ከ19 ዓመቱ ዑደት ከራሱ ነው። ንዑስ ቀመር የምንለው 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራትን ይይዛል ተብሎ ይቆጠራል። 19 ዓመት፣ አንዱ ዓመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ሲሆን፣ 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። 235 የሰማይ ጨረቃዎች ግን የሚያልቁት በ6939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ነው። ልዩነቱ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ይህን ለመሰለ በቃል ለሚያዝ ቀመር እጅግ የሚደነቅ ጥራት ነው። ዳሩ ግን በ308 ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ይሞላል። ከኒቅያ ጉባኤ፣ ከ325 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እስከ ዛሬ 1700 ዓመት አልፏል፤ አምስት ቀን ተኩል ያህል ተጠራቅሟል ማለት ነው። ያኔ ዐሥራ አራተኛው ሌሊት ከሙሉዋ ጨረቃ ጥቂት ቀድሞ ይውል ስለነበር ዛሬ የሚታየው ዝግመት አራት፣ አንዳንዴም አምስት ቀን ነው።

ሁለተኛ ልዩነት አለ፤ ልጁ አላነሣውም፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። ዓመቱን 365 ቀን ከ6 ሰዓት አድርገን እንቆጥራለን። ፀሐይ ወደ ቀንና ሌሊት እኩሌታ የምትመለሰው ግን በ365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ነው። 11 ደቂቃ ከሩብ ትርፍ አለን። በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። በኒቅያ ዘመን ዕሪናው፣ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት፣ መጋቢት 25 ነበር፤ ስለዚህ ፍሥሕ ከመጋቢት 25 ቀድሞ እንዳይውል ተወሰነ፤ ከሚያዝያ 23ም አያልፍም። ዛሬ ፀሐይ እኩሌታው ላይ የምትደርሰው መጋቢት 11 ግድም ነው። ቀመሩ ግን መጋቢት 25ን አልለቀቀም።

ካቶሊካውያን ይህንኑ ልዩነት በ1582 ዓ.ም. (በእነርሱ አቆጣጠር) አርመውታል። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ በሥነ ፈለክ ሊቃውንት ምክር ዐሥር ቀን ዘለሉ፤ ጥቅምት 4 በዋለ ማግስት ጥቅምት 15 ተባለ። ፕሮቴስታንቶች ዘግይተው ተከተሏቸው። ልብ ማለት የሚገባው ነገር አለ፤ ያን እርማት ያዘዘው ሃይማኖትን የተቃወመ ሳይንቲስት አይደለም። ትንሣኤ በቦታው እንዲውል የፈለገ የቤተ ክርስቲያን መሪ ነው። ስለዚህ «ሳይንስ ሽሮታል» የሚለው አነጋገር በታሪኩም አይቆምም። እዚህ ላይ የተለያዩት አማኞች ናቸው፤ አንዱ ቀመሩን አደሰ፣ ሌላው በአባቶች ቀመር ጸና። ሁለቱም አንዱን ትንሣኤ ያምናሉ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያንና ሌሎቹ ምሥራቃውያን ለምን አላረሙትም? ብዙ ሰው «ስላላወቁ» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ሊቃውንቱ ከሚማሩባቸው መጻሕፍት አንዱ የሆነው አቡሻክር፣ በ13ኛው ምእት ዓመት አንድ ግብጻዊ ክርስቲያን ያዘጋጀው፣ የዕብራውያንን፣ የግብጻውያንን፣ የዐረቦችንና የሌሎችን አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጎ ያስተምራል። ከአንድ በላይ አቆጣጠር መኖሩና አንዱ ከሌላው መለያየቱ ለጉባኤ ቤት አዲስ ወሬ አይደለም። ዋናው ምክንያት አንድነት ነው። በግሪክ በ1924 ዓ.ም. (በእነርሱ አቆጣጠር) ቤተ ክርስቲያን የማይንቀሳቀሱትን በዓላት ብቻ ወደ አዲሱ አቆጣጠር ስታዛውር፣ «አሮጌውን አንለቅም» ያሉ ምእመናን ተነጥለው ወጡ፤ ያ መለያየት እስከ ዛሬ አልዳነም። አራት ቀን ለማቃናት ሕዝብ መክፈል ዋጋ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ የሲኖዶስ ጥያቄ ነው፤ የስልክ አፕሊኬሽን ሊመልሰው አይችልም። የአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤትም እንዲሁ።

መሪጌታ ወደተናገሩት ልምጣ። በትውፊታችን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ሆሣዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ሽቶ ሱባኤ ገባ፤ ባሕረ ሐሳብም ተገለጠለት። ይህን የሚያምን ሰው ማመኑን መተው የለበትም። ነገር ግን ትውፊቱ ራሱ የሚለውን በጥንቃቄ ያንብበው፤ ድሜጥሮስ የለመነው የበዓላቱን ሥርዓት ነው። በዚያ በኩል ቀመሩ አንድ ጊዜም አልሳተም፤ ትንሣኤ ከእሑድ ወጥቶ አያውቅም። የ19 ዓመቱ ዑደት ግን ከክርስትና በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ሜጦን የሚባል የአቴና ሰው በ432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አስታውቆታል፤ ባቢሎናውያንም ይጠቀሙበት ነበር። አባቶች ከአረማዊ ሊቅ የመጣውን ቁጥር ለበዓላቸው ሲያውሉት አላፈሩም። ሳይንስን ከሃይማኖት ጋር እንዴት ያኖሩት እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

መጽሐፈ ሄኖክንም አስቡት። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። ስለ ብርሃናት በሚናገረው ክፍሉ ዓመቱ 364 ቀን ነው። ሆኖም ጳጉሜን 5፣ በአራተኛው ዓመት 6 አድርጋ ዓመቱን በ365 ከሩብ የምትቆጥረው ይህችው ቤተ ክርስቲያን ናት። መጽሐፉን ለቅድስናው፣ ቀመሩን ለቆጠራው ይዛለች። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት ሙሴ የምድርን ቅርጽና ዙሪያ ያልተናገረው ለነፍሳችን የሚጠቅም ነገር ስላልሆነ ነው ብሏል። ይህ የተባለው በ4ኛው ምእት ዓመት ነው። «መጽሐፍ ቅዱስ የሳይንስ መጽሐፍ አይደለም» የሚለው ቃል የዘመናችን ማፈግፈጊያ እንዳልሆነ ልጁ ይወቅ።

ይህን ሁሉ የማነሣው በምእመናን ዘንድ ሦስት ዓይነት አመለካከት ስለማይ ነው። አንዱ ሳይንስን የትዕቢት ፍሬ አድርጎ ይሸሻል፤ እንደ እርስዎ መሪጌታ ሲቆጣ የሚታየው ይህ ነው፤ ቁጣው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከፍቅር ነው። ሁለተኛው ሁለቱን ለይቶ ይይዛል፤ ፀሐይ እንዴት እንደምትሄድ ከሊቁ ይማራል፣ ለምን እንደተፈጠረች ከመጽሐፍ ይማራል። ሦስተኛው በየጥቅሱ ሥር ሳይንስ ይፈልጋል፤ «ባሕረ ሐሳብ ከናሳ ይበልጣል»፣ «ሳይንስ አሁን ነው የደረሰበት» ይላል። ከሦስቱ ልጆችን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስወጣው ይህ ሦስተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ልጁን ዝም ያሰኘዋል። ሦስተኛው ግን ሊመረመር የሚችል የሐሰት ቃል ያሸክመዋል፤ ልጁ አንድ ማታ ወጥቶ ጨረቃን ባየ ጊዜ ቃሉ ይወድቃል፣ አብሮም ያልተመረመረው ይወድቃል። እባክዎ፣ ባሕረ ሐሳብ «አንድ ሴኮንድ አይስትም» ብለው ፈጽሞ አያስተምሩ።

ይኸው ጥያቄ ክርስቲያኑን ብቻ አይነካም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለረመዳን ጨረቃ በዓይን ትታይ ወይስ በሥነ ፈለክ ስሌት ትወሰን የሚለውን ይከራከራሉ፤ ክርክሩ በአማኞች መካከል ነው፣ የጨረቃዋን መንገድ የሚክድ ግን የለም። ከቀን ቆጠራ ወጥቶ ወደ ሰው ሕይወት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። «ወይ ጠበል ወይ መድኃኒት» የሚል ክፉ ምርጫ ስንቱን ጎድቷል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተምረዋል። የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ጠበል ቦታ ሲገባ ኪኒኑን ማቋረጥ የለበትም፤ ማቋረጥ በሽታውን ያገረሻል፣ ተሕዋስያኑንም ከመድኃኒቱ ጋር ያላምዳል። ልጆቹ በጨረቃው ላይ የሚማሩት አስተሳሰብ ነገ እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው።

እንግዲህ ልጁን ምን ያድርጉት? ቤቱ ሄደው ይጥሩት፤ «ስለ ጨረቃዋ ልክ ነህ» የሚለውን ቃል በመጀመሪያ ይስማ። ከዚያ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥራ ይስጡት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በእኛ አገር ሰማዩ ደመና ነው፣ ልጆቹ ሦስት ማታ ሞክረው ይተዉታል። በየማታው ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥተው በደብተር ይጻፉ። አዲሷን ጨረቃ በምዕራብ በኩል ቀጭን ሆና ያዩባትን ማታ አንድ ብለው ይጀምሩ። ሙላቷን በዓይን ለመለየት አይሞክሩ፤ የ13ኛዋንና የ15ኛዋን ሌሊት ጨረቃ ዓይን አይለይም። መለያው አወጣጧ ነው። ከመሙላቷ በፊት ባለው ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጥታ ትገኛለች፤ ሞልታ ካለፈች በኋላ ደግሞ ፀሐይ ጠልቃ ሲጨልም ነው የምትወጣው፤ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ትዘገያለች። ለዚህ ምሥራቁ የተገለጠ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ተራራ ከጋረደው የአንድ ቀን ስሕተት ይገባል።

ለፀሐዩ ደግሞ ቀጥ ያለ የ1 ሜትር ዱላ በደልዳላ መሬት ላይ ይትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን ድንጋይ በታሰረበት ክር ይፈትኑት። በቀትር ከሁሉ አጭር የሆነውን ጥላ ይለኩ። ቀትር ማለት ልክ 6 ሰዓት አይደለም፤ በደብረ ማርቆስ በመጋቢት ፀሐይ ከፍታዋን የምትደርሰው ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስለዚህ ከ6 ሰዓት ከ20 እስከ 7 ሰዓት ድረስ በየ5 ደቂቃው ጥላውን ይለኩና አጭሩን ይያዙ። መጋቢት 11 ጥላው ወደ ሰሜን 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መጋቢት 25 ወደ 9 ይወርዳል። በእኩሌታው ዕለት የጥላው ጫፍ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሄድበት መንገድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ በየሰዓቱ ጠጠር ቢያስቀምጡ ጠጠሮቹ ይሰለፋሉ። ዕሪናው ከመጋቢት 25 መራቁን ልጆቹ ከማንም ሳይሰሙ መሬት ላይ ያዩታል።

መሪጌታን ከዚህ ሥራ ውጭ አያድርጉ። ሒሳቡን የሚያስተምሩት እርሳቸው ይሁኑ፣ ልጁ ደግሞ የሰማዩን ደብተር ያቅርብ፤ በአንድ ጉባኤ፣ በዚያው ቀን። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ያሉ ጉባኤ ቤቶችን ባፈራ አገር ተማሪ መምህሩን መጠየቁ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ትርጓሜውስ «አንድም» እያለ ሌላውን ሐሳብ አጠገቡ የሚያኖር አይደለም? መሪጌታ ካልፈቀዱ ግን ልዩነቱን በአደባባይ አያንሡባቸው። ሒሳቡን አስጨርሰው፣ ደብተሩን በኋላ ለብቻቸው ያሳዩአቸው።

ወሰኑንም ይንገሯቸው። ዱላውና ደብተሩ ቀመሩ ስንት ቀን እንደዘገየ ይናገራሉ እንጂ ክርስቶስ ስለ መነሣቱ አይናገሩም። ባሕረ ሐሳብም ትንሣኤን አያረጋግጥም፤ የሚከበርበትን ቀን ይነግራል። ትንሣኤ በምስክር የሚታመን ነው። በዓሉን ቤተ ክርስቲያን ባወጀችው ቀን ያክብሩ፤ ልዩነቱን ከነቁጥሩ በግልጽ ያስተምሩ። ሁለቱንም ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

2018ን ከጨረሱ 2019ን ለልጆቹ ይስጡ፤ ከባዱ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይወጣል። በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ስለሆነ ተውሳኩ 8፣ መባጃ ሐመሩ 15፣ ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24። ፍሥሑ ሚያዝያ 17 እሑድ ላይ ስለሚውል ትንሣኤ ወደሚቀጥለው እሑድ ያልፋል። ምዕራባውያን ግን መጋቢት 19 ያከብራሉ፤ ልዩነቱ አምስት ሳምንት ነው። ልጁ «አራት ቀን አልነበረም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ራሱ ያግኘው፤ በመጋቢት 13 የምትሞላው ጨረቃ ከሰማዩ ዕሪና፣ ከመጋቢት 11፣ በኋላ ናት፤ ከመጋቢት 25 ግን በፊት ናት። ቀመራችን እርሷን አልፎ ቀጣይዋን ይጠብቃል።